የመቄዶንያው ጉልበት

ጥር 15፣ ረቡዕ። ከቀኑ 9 ሰዓት

ክትባት አለቀ። እጄን ታጥቤ ተቀመጥኩ። ዛሬ ደግሞ ሁለት እናቶች "የመቄዶንያ ሚስት" ብለው ጠሩኝ። አንዷን ጭራሽ አላውቃትም። ልጇን ወግቼ ስመልስላት፣ አይዞህ የወጋችህ የመቄዶንያ ሚስት ናት አለችው። ለልጁ ምን ማጽናኛ እንደሆነ እንጃ። ማልቀሱን ቀጠለ።

ደብተሬ፣ አንቺ አዲስ ነሽ፣ ላስተዋውቅሽ። ባሌ ገመቹ ይባላል። የስፖርት አስተማሪ። የከተማው ቡድን አጥቂም ነው፣ በሠላሳ አራት ዓመቱ። ገመቹ ብለን የምንጠራው እኔና እናቱ ብቻ ነን። ለሌላው አምቦ ሁሉ መቄዶንያ ነው። ለባጃጅ ነጂዎቹ፣ ለተማሪዎቹ (ከጀርባው)፣ ለጤ/ጣቢያችን ዘበኛ ሳይቀር።

ጉልበቱ ዛሬም አብጧል። ቀኙ። እሑድ ጉደር ሄዶ ተጫውቶ ነው። ብርድ ነው ይላል። ነርስ አግብቶ ብርድ ነው ይለኛል! መስከረም ላይ ሆ/ል ያየው ዶ/ር በግልጽ ነግሮታል። ጅማቱ ተበጥሷል፣ አ.አ. ሄዶ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል፣ ከዚያ ዓመት ያህል ከኳስ መራቅ። እየተጫወተ እንደገና ከተጠማዘዘ ግን ደረጃ መውጣትም ሊቸግረው ይችላል። ደረጃ መውጣት ያቃተው የስፖርት አስተማሪ ምን ይሆናል?

እሱ የሚያስበው ስለ ጌዶ ቡድን ነው። በየዓመቱ ከፋሲካ ቀጥሎ ባለው እሑድ ከጌዶ ጋር ይገጥማሉ። አምና ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ፣ ተሸነፉ። ዘንድሮ ከማልጫወት ብሞት ይሻለኛል ባይ ነው። ስጨቀጭቀው መልሱ አንድ ነው። ያ የመቄዶንያ አጥቂ በተበጠሰ ጉልበት ተጫውቷል፣ አንድ ቀን እንኳ አልተቀመጠም ይለኛል።

እሺ። ይሄ ያለ ኪራይ ቤቴ ውስጥ የሚኖር የመቄዶንያ ሰውዬ ማነው? አጣራለሁ።

ጥር 19፣ እሑድ

ከቸርች መልስ። ስሙ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ጀመርኩ። አማቴን አስቀደምኩ። ሃርሜ፣ ልጅዎን ለምን መቄዶንያ ይሉታል? ጳውሎስ በሕልሙ የተጠራበት አገር ነው፣ ልጄን እግዚአብሔር ወደ ሩቅ አገር ሊልከው ነው አሉኝ። እስካሁን የላከው እስከ ነቀምቴ ነው።

ባጃጅ ነጂው በበኩሉ፣ መልኩ ስለሚመሳሰል ነው አለ። ፈረንጅ እና ገመቹ! በሳቅ ልወድቅ።

ትክክለኛውን የነገሩኝ ኦቦ ቶለራ ናቸው፣ የኳስ ማሳያ ቤቱ ባለቤት። እሳቸው ቤት ልማድ አለ። የመጀመሪያው አጋማሽ ሲያልቅ ሪሞቱን አንስተው የቴሌቪዥኑን ድምፅ ያጠፋሉ። ያኔ ገመቹ ይነሳና የአንድ ተጫዋች ታሪክ ያወራል። ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ፣ ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ስላሉ። ፊሽካ ሲነፋ ድምፁ ይከፈታል፣ ታሪኩም ያልቃል። የብዙ ተጫዋች ታሪክ ያውቃል፣ ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀው ግን አንዱን ነው። "መቄዶንያን ንገረን" ሲሉት ሲሉት ስሙ እሱ ላይ ቀረ።

እኔም ቤት ውስጥ በቁርጥራጭ ሰምቼዋለሁ። ሰውዬው የትምባሆ ገበሬ ልጅ ነው። አባቱ ቀድሞ ሞተ። በአሥራ ስድስት ዓመቱ ብቻውን ስፔን ሄደ፣ ቋንቋ አያውቅም፣ እራት ምን እንደሚባል እንኳ አያውቅም፣ ሲርበው ወደ ሌላ ሰው ሳህን ይጠቁማል። ከትንሽ ቡድን ወደ ትልቅ ቡድን። ጎል፣ ጎል፣ ጎል። የአገሩ ሰው ልጁን በሱ ስም ይጠራል። ከዚያ በሠላሳ አንድ ዓመቱ፣ ለአገሩ ሲጫወት ጉልበቱ ተበጠሰ። እናቱ ከተመልካች መሃል ወርዳ በሻሿ አሰረችለት። ተነሳ፣ ሁለት አገባ።

እዚህ ጋ ነው የማልስማማው። የትኛው ጅማት? በሻሽ?! ዳኛውስ የት ሄዶ ነው?

ጥር 27፣ ሰኞ። ምሳ ሰዓት

ዳታ ዛሬ ደህና ነው። በካርታ አየሁት። ትንሽ አገር። ባሕር የለውም እንደኛ። ተራራ፣ ሐይቅ፣ ትምባሆ። ሰውዬውንም አየሁት። ረጅም፣ አፍንጫው የታጠፈ፣ ፎቶ ሲነሳ የማይስቅ። ከገመቹ ጋር የሚመሳሰለው በምንም አይደለም። ሠላሳ አምስት ዓመቱ፣ አሁንም ስፔን ይጫወታል፣ ዝቅ ባለ ቡድን።

ቪዲዮዎቹን ድምፁን ዘግቼ አያለሁ፣ ተረኛ ክፍል ውስጥ ስለሆንኩ። ኳሷን አልከተልም፣ አልገባኝም። እግሩን ነው የማየው። ሥራዬ አካል ማየት አይደል? የወጣትነቱ ጭኖች እኩል ናቸው። የአሁኑ ግን ቀኙ ከግራው ይቀጥናል። አሥር ጊዜ አየሁት። ጭን እንዲህ የሚመነምነው ለረጅም ጊዜ ሲተኛ ነው። አንድ ቀን ያልተቀመጠ ሰው ጭኑ በምን ቀጠነ?

ሲ/ር አልማዝ ከጀርባዬ አይታኝ፣ ፈረንጅ ወደድሽ እንዴ፣ ለመቄዶንያ እነግረዋለሁ አለችኝ። የቱ እንደሆነ ጠፋኝ። ሳቅን።

የካቲት 6፣ ረቡዕ

ጉድ ስሚ። አገሪቱ ስሟን ለወጠች። ከአሁን በኋላ ሰሜን መቄዶንያ ነው አሉ በዜና። ገና ከቤት ስንወጣ ባጃጅ ነጂዎቹ "ሰሜን! ሰሜን!" ብለው ገመቹን ተቀበሉት። ደስ ብሎት እጁን አውለበለበ። አማቴ ተናደዱ። ስም እንዲህ በቀላሉ አይለወጥም አሉ፤ እሳቸው አምቦን ዛሬም ሀገረ ሕይወት ነው የሚሏት።

ከዚያ ስሜቴ ተበላሸ። ከቸርች ደረጃ ሲወርድ አየሁት፣ ሰው የሚያየው አልመሰለውም። በጎኑ ነው የሚወርደው። ቀኙን አስቀድሞ፣ ግራውን አስከትሎ፣ መደገፊያውን ይዞ። ሰማንያ ዓመት እንደሞላው ሰው። ታች ሲደርስ ቀና ብሎ መራመድ ጀመረ፣ ሰላምታውን በየአቅጣጫው እየሰጠ። ፈራሁ ደብተሬ። እንዲህ ሆኖ ሊጫወት ነው።

የካቲት 17፣ እሑድ። ከምሽቱ 3 ሰዓት

ኳስ ቤት ገባሁ! በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። ሴት እኔና ሻይ የምታቀርበው ብቻ። ኦቦ ቶለራ እንደ ሚዜ አስተናገዱኝ፣ በሩ አጠገብ የፕላስቲክ ወንበር ጠርገው ሰጡኝ። ሰው አንዱ በአንዱ ላይ። ስክሪኑን ከልሎ የቆመ ሁሉ "ታኢ! ታኢ!" ተብሎ ይቀመጣል። ተማሪ ይሁን፣ ሹም ይሁን፣ ምሕረት የለም።

የሰውዬው ቡድን ከትልቅ ቡድን ጋር ስለገጠመ ታየ። ጓጉቼ ነበር። አይሮጥም! መጀመሪያ ታምሞ መሰለኝ። አጥቂ ፊት ነው የሚቆመው ብለው ነግረውኝ ነበር፣ እሱ ወደ ኋላ ቀርቶ ይቆማል። በእጁ ይጠቁማል፣ አንዱን ወዲህ፣ አንዱን ወዲያ። ኳስ ስትመጣለት አንዴ ነክቶ ይሰጣል፣ ተመልሶ ይቆማል። ሌላው የጠቆመበት ቦታ ደርሶ ያገባል። ሰውዬው አይጨፍርም፣ ካልሲውን ያስተካክላል። አጠገቤ ያለውን ልጅ ድሮም እንዲህ ነበር ወይ አልኩት። ድሮማ እሳት ነበር፣ አሁን አርጅቷል አለኝ። ያረጀ አልመሰለኝም። የሆነ ነገር የሚያውቅ መሰለኝ።

ዕረፍት ሆነ። ድምፁ ጠፋ። ገመቹ ተነሳ።

ምን ልበልሽ? እኔ የማውቀው ሰው አይደለም። ልጁ ሳህን ሲጠቁም ራሱ ጠቆመ፣ ሁሉም ሳቀ። አባቱ ሲሞት አንድ ትልቅ ሰው ኮፍያቸውን አወለቁ። ሻሹ ጋ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ የራሱን ቀኝ ጉልበት ያዘ፣ ቤቱ በሙሉ ትንፋሹን ዋጠ። ስክሪኑን ከልሎ ቆሞ ማንም ታኢ የማይለው ሰው እሱ ብቻ ነው። ፊሽካው ሲነፋ ታሪኩን ሁለተኛዋ ጎል ላይ አደረሰው፣ ጭብጨባው ለየትኛው እንደሆነ አይታወቅም።

እንደ አዲስ ወደድኩት። ተናደድኩበትም። እንዲህ ሲጨበጨብልህ በሻሽ የሚታሰር ጉልበት እውነት ይመስልሃል።

መጋቢት 5፣ ሐሙስ። ከቀኑ 10 ሰዓት

አገኘሁት!!

አቶ ሰለሞን ልጃቸውን ለክትባት ይዘው መጡ። ዩኒቨርሲቲ ስፖርት ሳይንስ ያስተምራሉ፣ የጎንደር ሰው ናቸው፣ ሚስታቸውን ያዋለድኩት እኔ ነኝ። ባለፈው ወር ስለ ሰውዬው ጭን ነግሬያቸው ነበር። ዛሬ ስልካቸውን አውጥተው ሰጡኝ። ሰውዬው በራሱ ቋንቋ የሰጠው ረጅም ቃለ ምልልስ፣ ኮምፒውተር ወደ እንግሊዝኛ የገለበጠው። እንግሊዝኛው ተወላግዷል። ቃል በቃል አነበብኩት፣ ክትባት ክፍል ውስጥ ተዘግቼ።

ሻሽ የለም። ሁለት ጎል የለም። በቃሬዛ ነው የወጣው። ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፣ ከዓመት በላይ አልተጫወተም። ቡድኑ ረሳው። ወደ እናቱ ቤት ተመለሰ። እናቱ ግቢ ውስጥ እግሩን ወንበር ላይ ዘርግቶ የትምባሆ ቅጠል በመርፌ በክር ሲሰካ ከረመ፣ ከሴቶቹ ጋር። ጣቱ ጠቆረ፣ ከተሜ ሆነሃል እያሉ ሳቁበት። መጀመሪያ ኳስ ማየት አልቻለም፣ የጋዜጠኛው ድምፅ ያስለቅሰው ነበር። በኋላ ድምፁን አጥፍቶ ማየት ጀመረ። በዝምታ ሲያይ ከዚያ በፊት ያላየው ታየው። ሰው የሌለበት ቦታ። ሁሉም ወደ ኳሷ ሲሮጥ ባዶ የሚቀረው ቦታ። ሲመለስ ወደ ፊት አልሄደም፣ ወደ ኋላ ቆመ፣ ኳሷን ወደዚያ ባዶ ቦታ መስጠት ጀመረ። ያን ዓመት ባልቀመጥ ኖሮ ዛሬ አልጫወትም ነበር ይላል።

ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ጭኑን አይቼ ነው ያወቅኩት! ከዚያ ወንበሩ ላይ እንዳለሁ ደስታው ለቀቀኝ። አሁን ይሄን ለገመቹ ልነግረው ነው። አምቦ ሁሉ የሚወድለትን ታሪክ ላፈርስበት ነው።

መጋቢት 8፣ እሑድ

ነገርኩት። ከምሳ በኋላ፣ አማቴ ዕቁብ ሄደው። ሁሉንም። ጭኑን፣ ቃሬዛውን፣ የትምባሆ ቅጠሉን። እያየኝ ሰማ። ይቆጣል ብዬ ነበር።

"አውቃለሁ" አለ።

ምኑን? አልኩት።

"ስለ ዓመቱ። ከመጀመሪያውም አንብቤዋለሁ ለሊሴ። ግን ዕረፍቱ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። የተቀመጠን ሰው ታሪክ ማን ይሰማል?"

ሻሹስ? ሻሹን ከየት አመጣኸው?

ሻሹ የእናቱ ነው። የመቄዶንያው አይደለም፣ የሱ የራሱ እናት። ጊንጪ ላይ፣ በትምህርት ቤቶች ጨዋታ፣ ልጅ ሆኖ ይሄው ጉልበት ሲጠማዘዝ ሃርሜ ከራሳቸው ሻሽ ፈትተው አሰሩለት። ሁለት አገባ። አሰልጣኙ ትከሻው ላይ ተሸክሞት ዞረ። ከዚያ ወዲህ ያን የመሰለ ቀን አላየም። ማንም ስለ ገመቹ አይጠይቅም፣ ስለ መቄዶንያ ይጠይቃሉ፣ ስለዚህ ሻሹን ለመቄዶንያው ሰጠው። አንድ ቀን ሲያወራ አብሮ ወጣ፣ ሰው ወደደው፣ ቀረ።

ደብተሬ፣ አዘንኩለት። ወዲያው ደግሞ ደሜ ፈላ። እያወቅክ! እውነቱን እያወቅክ ጉልበትህን በልጅነት ሻሽ ታስራለህ? ታኬታውን ይዞ ግቢ ወጣ፣ ጭቃውን በእንጨት ሲፍቅ ዋለ።

ሚያዝያ 2፣ ረቡዕ

ሦስት ሳምንት ስለ ጉልበት አላወራንም። ስለ ስኳር መወደድ እናወራለን። አሰልጣኙ ትናንት ቤት መጥተው ሻይ ጠጡ። ሠላሳ ደቂቃ ብቻ ብትገባልኝ ይበቃኛል አሉት፣ እኔን እያዩ።

አማቴ እንዲያሸንፍ ይጸልያሉ። እኔ የምጸልየውን ላንቺም አልነግርሽም።

ለሚያዝያ 29 አ.አ. ቀጠሮ አስይዣለሁ። የዓመት ፈቃድም ጠይቄያለሁ። ቢጫወትም ባይጫወትም እንሄዳለን። ትናንት ማታ ነገርኩት። አትጫወት አልልህም፣ ግን ሜዳ እመጣለሁ፣ ቁጭ ብዬ አያለሁ አልኩት። ይሄኛው ከጭቅጭቁ ሁሉ የከበደው መሰለኝ።

ሚያዝያ 27፣ እሑድ። 12 ሰዓት፣ ሳይመሽ

ከሜዳ መጣን። አንድ ለአንድ።

ማልያውን ለብሶ ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀመጠ። እኔ ማዶ፣ ከአማቴ ጋር። ጌዶ ቀድሞ አገባ። ከዕረፍት በኋላ ሕዝቡ መጥራት ጀመረ፣ መ-ቄ-ዶን-ያ፣ ሜዳው በሙሉ። ሃርሜም እጃቸውን እያጨበጨቡ፣ ጳውሎስን ረስተውት። እኔ ጉልበቴን ጨምድጄ ይዣለሁ፣ የገዛ ጉልበቴን።

አሰልጣኙ ዞረው አዩት። ተነሳ። ቱታውን አወለቀ፣ መስመሩ ድረስ ሄደ። ሕዝቡ አበደ። እዚያ ቆመ። ሜዳውን ያየዋል፣ ያየዋል። ከዚያ ወደ አሰልጣኙ ዘወር ብሎ የሆነ ነገር ተናገረ፣ በእጁ ወደ ግራ ጥግ እየጠቆመ። የግራ ተከላካያችንን ወደ ፊት ይላኩት፣ እዚያ ሰው የለም ማለቱ ነበር፣ በኋላ ነው የነገሩኝ። ተመልሶ ተቀመጠ። ታኬታውን ፈታ።

ስድቡን አልጽፍልሽም። ፈሪ የሚለው ቀላሉ ነበር። ያ ተከላካይ በግራ በኩል ሄዶ ያሻማት ኳስ ጎል ስትሆን እንኳ ከስድቡ ጋር ያገናኛት የለም። ሃርሜ ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ። እኔ አለቀስኩ፣ በደስታ ይሁን በምን አላውቅም።

አሁን ኦቦ ቶለራ ቤት ልሄድ ነው አለ። ዛሬ ይቅርብህ አልኩት። አይ፣ ዛሬ ነው አለ። አብሬው እሄዳለሁ።

ሚያዝያ 28፣ ሰኞ። ጠዋት 1 ሰዓት። መናኸሪያ

ሚኒባስ ውስጥ ነኝ። ገና አልሞላም። ገመቹ ውጭ ቆሞ ሻንጣ ያስጭናል። ቶሎ ቶሎ ልንገርሽ።

ትናንት ስንገባ ሰላምታም የለም። ኦቦ ቶለራ ብቻ አካም አሉን፣ ያንኑ ወንበሬን ሰጡኝ። ገመቹ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ዕረፍት ሲሆን ድምፁ ጠፋ፣ ማንም ንገረን አላለም። ከወደ ኋላ አንዱ፣ ለመሳለቅ፣ እስኪ የመቄዶንያን ጀግንነት ንገረን አለ። ሳቁ።

ገመቹ ፊት ወጣ። ሻሹ የሱ እናት ሻሽ እንደሆነ ተናገረ። መቄዶንያው በቃሬዛ እንደወጣ ተናገረ። ጉርምርምታ ሆነ፣ አንዳንዱ ጀርባውን ሰጠ። እሱ ቀጠለ። ወንበር አምጡልኝ አለ፣ ተቀመጠ፣ ቀኝ እግሩን ሌላ ወንበር ላይ ዘረጋ። የሌለ መርፌ ይዞ የሌለ ቅጠል መስካት ጀመረ። አንድ ቅጠል። ሌላ ቅጠል። እየሰካ ያወራል፣ ቀስ እያለ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም። ሴቶቹ የሳቁበትን። ቡድኑ ያልደወለበትን። ልጆች አጥር ላይ ተንጠልጥለው መቼ ትጫወታለህ ሲሉት መልስ ያጣበትን። ጉርምርምታው መቼ እንደቆመ አላስተዋልኩም።

ሁለተኛው አጋማሽ ተጀመረ። ስክሪኑ ላይ ሰዎች መሮጥ ጀመሩ። እሱ ገና የታሪኩ መሃል ላይ ነው፣ ሰውዬው ገና ክረምቱን አልወጣም። ኦቦ ቶለራን አየኋቸው። ሪሞቱ እጃቸው ላይ ነው። አልከፈቱትም። ክፈቱ ያለም የለም። ያ ሁሉ ሰው ድምፅ የሌለው ኳስ ፊቱ ላይ እያለ የተቀመጠ ሰው ታሪክ ሰማ፣ እስከ መጨረሻው። ስክሪኑ ላይ ጎል ሲገባ እንኳ የጮኸ የለም።

ነገ እኔም ለጉልበቴ አ.አ. እሄዳለሁ ብሎ ሲጨርስ ጭብጨባ አልነበረም። ያኔ ኮፍያቸውን ያወለቁት ሰውዬ ለስንት ጊዜ ነው የምትሄደው አሉት። ዓመት ያህል አላቸው። እህ አሉ። በቃ ይሄው።

ሊሞላ ነው። ነገ 3 ሰዓት ቀጠሮ። ሃርሜ አዲስ ሻሽ ሰጥተውኛል፣ ከቀዶ ሕክምናው ሲነቃ እንዳስርለት፣ ጉልበቱ ላይ ሳይሆን አንገቱ ላይ፣ አ.አ. ይበርዳል ብለው።

እየገባ ነው። ለመቀመጥ ጎንበስ ሲል ረዳቱ አየው። ትናንት ሜዳ ላይ አብሮ ሲሳደብ የነበረ ልጅ ነው፣ አወቅኩት። የፊተኛውን ተሳፋሪ ወደ ኋላ አዛወረ፣ ሻንጣችንን ከእግሩ ሥር አነሳ፣ ቦታውን ጠረገ። "ታኢ መቄዶንያ" አለው፣ "እግርህን ዘርጋ።"